የአሥራ ሰባት ቁጥር ደም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... ጓንቴን እንዳጠለቅሁ።

2009 ዓ.ም.፣ ነሐሴ፣ ቆሰበር ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት አይደለም፤ መብራትም አልጠፋም። ጉሙ ብቻ ወርዶ የግቢውን አጥር ውጦታል።

ሚልካ እባላለሁ። የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። በዚያ ክረምት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ፈረሶች ይሞቱ ስለነበር የሠላሳ ፈረስ ደም መጣልን።

ከበሽታው ምርመራ በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። ኢንዛይም የተያያዘበት ሁለተኛ አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ አለን፤ የሚያውቀው ፈረስን ብቻ ነው። ጤነኛም ይሁን የታመመ፣ የፈረስ ደም ካገኘ ይጣበቃል። ማቅለሚያ ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል። ደሙ የሌላ ፍጡር ከሆነ ግን ታጥቦ ይሄዳል... በመመርመሪያው ሳህን ላይ ያለችው ትንሽ ጉድጓድ ውሃ እንደመሰለች ትቀራለች።

ጠዋት ሠላሳውንም ሞከርኩ።

ሃያ ዘጠኙ ሰማያዊ ሆኑ።

አሥራ ሰባት ቁጥር... ውሃ።

ደሙን የቀዳውን ወንድማገኝን ጠራሁት።

"ከምን ቀድተህ ነው ያመጣህልኝ? ከበግ?"

"ከፈረስ ነዋ! የእትዬ ዘውድነሽ ዳማ ፈረስ ነው።"

"ፈርተኸው ከራስህ ክንድ ቀድተህ እንዳይሆን።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አልሳቀም። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

"ሚልካ... አንገቱን ልወጋው ስል የፊት እግሩን ዘረጋልኝ።"

"እና?"

"እንደ ሰው። ክንዱን ለመርፌ እንደሚሰጥ ሰው..."

"ሂድ ወደዚያ!" አልኩት። ለእንዲህ ያለ ወሬ ትዕግሥት የለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ዘውድነሽ ራሳቸው ዳማውን እየሳቡ መጡ።

ባላቸው አዝመራው በሰኔ ፈረሱን ጭነው ወጥተው አልተመለሱም። ከሳምንት በኋላ ፈረሱ ብቻውን መጣ... ከነኮርቻው። የመንደሩ ፈረሶች መሞት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "ይሄ ነው ያመጣብን" ብሏል። ንጹሕ ነው የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካልያዙ ዳማው ወደ መንደሩ አይገባም። የባላቸው ወንድም ሽባባው ጠመንጃውን በእጁ እንደያዘ ከግቢው በር ውጭ ቆሟል።

"ዛሬውኑ ነው ልጄ" አሉኝ። "ሽባባው ወረቀቱን ካላየ መንገድ ላይ ካለው ጫካ አያሳልፈውም፤ ይገድለዋል። ከአዝመራው የቀረኝ እሱ ነው።"

"ይጠብቁኝ። ደሙን እንደገና እቀዳለሁ።"

ወጣን። የግቢው ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል። ፈረሱ ሣሩን አልነካውም። የሚያየው የእኔን መስኮት ነው።

መርፌውን ከማሸጊያው አወጣሁ።

የቀኝ የፊት እግሩን... ቀስ ብሎ... ዘረጋልኝ።

ወንድማገኝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ ከአንገቱ ቀዳሁ። አልፈራሁም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያልፈራሁት ነገሩ ገና ስላልገባኝ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ከሌላ ጥናት የተረፈ፣ የሰውን ደም ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ ነበር። ጥርጣሬዬን ልዝጋ ብዬ አወጣሁት። የሠላሳውን ፈረስ ደም በተርታ ደረደርኩ። በአሥራ ሰባተኛው ቦታ አሁን የቀዳሁትን አደረግሁ። ፈሳሹ መሥራቱን እንዳውቅ ጣቴን ወግቼ የራሴን ደም ሠላሳ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። አጠብኩ። ማቅለሚያውን ጨመርኩ።

የእኔዋ ጉድጓድ ሰማያዊ ሆነች። መሆንም ያለባት እንደዚያው ነው።

ሌሎቹ ውሃ።

አሥራ ሰባት... ከእኔዋም ይልቅ የጠቆረ ሰማያዊ ሆነ።

የፈረስ በሽታ ምርመራ በዚህ ደም ላይ ምንም ሊያሳይ አይችልም። ንጹሕ ይሁን በሽተኛ አላውቅም። መጻፍ የነበረብኝ "አይታወቅም" የሚል ነው። አንድ ቃል። ሽባባው ደግሞ በር ላይ ነው።

ወረቀቱን ሳብኩ። ከላይ "የእንስሳው ዓይነት" የሚል ቦታ አለ። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ።

ገብተው አጠገቤ የቆሙት እትዬ ዘውድነሽ ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካኝ።

"አንቺም አወቅሽው?"

"ምኑን?"

"ዝም በይ... ይሰማል።"

በመስኮቱ አየሁ። የፈረሱ አፍንጫ መስታወቱን ነክቶታል። መስታወቱ ግን በትንፋሹ አልደበዘዘም።

"ፈረስ ብለሽ ጻፊው ልጄ። ፈረስ በይው... አደራ።"

ጻፍኩ። ፈረስ። ከበሽታ ነጻ። ፈርሜ ማኅተሙን መታሁበት። የፈለግሁት እንዲሄዱልኝ ብቻ ነበር።

ሽባባው ወረቀቱን ገለባብጦ አየ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መለሰ። እትዬ ዘውድነሽ አልጋለቡትም፤ ጎን ለጎን ሄዱ። ጉሙ ሳይውጣቸው ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጣሪያው ያወሩለታል። ከዚያ ዝም ይላሉ...

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ሳህኑን ልጥል ተመለስኩ።

አሥራ ስምንት ቁጥር ሰማያዊ ሆኗል።

ማቅለሚያው ብዙ ከቆየ ቀለም ይመጣል፤ አውቃለሁ። ሲመጣ ግን ሁሉም ላይ እኩል ነው። ይሄ... ተራ ይዟል።

አሥራ ዘጠኝ። ሃያ።

መንደር ውስጥ ያሉት፣ ዳማው ዛሬ ማታ አጠገባቸው የሚታሰር ፈረሶች ደም ነው ይሄ።

ሃያ አራት።

"ወንድማገኝ! ሮጠህ መልሳቸው!"

ከጓሮ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማሁ... ወደ እነሱ ግን አይደለም።

ሃያ ዘጠኝ።

ሠላሳ።

ከሠላሳ ቀጥላ ያለችው የእኔዋ ናት። እሷስ የሰው ደም ናት፣ ከመጀመሪያውም ሰማያዊ ናት፤ ምን ትሆናለች ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ቀለሟ ከዳር ጀምሮ ሳሳ...

መሐሏ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ቀረች...

ከዚያ ውሃ ሆነች።