የሟቿ አውራ ጣት

እማ ሙጂባ በሐይቅ ከተማ ሠላሳ ዓመት የሴት ጀናዛ ሲያጥቡ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። የያዙትን ጆግ ቁጭ አደረጉና ከመጋረጃው ጀርባ «ሴት ፖሊስ ጥሩልኝ! ወንድ እንዳይገባ!» ብለው ጮኹ። ቀባሪው ደጅ ቆሞ ቀረ።

ኢንስፔክተር የሺሀረግን በሩ ላይ የተቀበላት የሟቿ የወንድም ልጅ ሐቢብ ነበር። ወንበር ሲያቀርብላት እጁ ቤንዚን ቤንዚን ሸተታት።

«ሞተር ብስክሌቴን ስሞላ ፈሶብኝ ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

የሺሀረግ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው አትወድም።

«ብዙ መድከም አያስፈልግም» ቀጠለ ሐቢብ። «አክስቴን የገደለቻት ይቺ ናት። ማታ ወተት የሰጠቻት እሷ፣ አብራት ያደረችው እሷ!»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሰሚሃ፣ ሟቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ልጅ፣ ቀና እንኳ አላለችም። ቀድሞ ደርሶ የሐቢብን ቃል የተቀበለው ፖሊስ ካቴና ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

የሺሀረግ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«እዪልኝ ልጄ» አሉ እማ ሙጂባ የሟቿን የወይዘሮ ዑምኩልሱምን ከንፈር ገለጥ አድርገው። ውስጡ በልዟል፤ ጥርሳቸው መሐል የትራስ ክር ተሰክቷል። ቀጥለው የሟቿን ቀኝ አውራ ጣት አነሱ። ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ነክቶታል። «በሳሙና አሸሁት፤ ፈዘዘ እንጂ አልለቅ አለኝ።»

የሺሀረግ ፎቶ አነሳችና ሰሚሃን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ጧት ከቤት ወጥተሻል?»

«ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሐቢብ መጥቶ ዳቦ ግዢ ብሎ ላከኝ። ስመለስ እሱ ሄዷል፤ እማ አትተነፍስም።»

«ተጣልተው ነበር?»

«የሐጅ ገንዘቧን አማና ብላ እሱ ዘንድ አስቀምጣ ነበር። ምዝገባው ሲደርስ መልስልኝ አለችው። ወላሂ፣ ሌላ አላውቅም።»

የሺሀረግ ስለ አማናው ስትጠይቀው ሐቢብ ቱግ አለ። «ምን አማና? ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ብላ የሰጠችኝ ስጦታ ነው!» ደሴ ላይ ለሚገዛው ቤት ባንኩ ከማበደሩ በፊት፣ ቅድሚያ ክፍያው ስጦታ እንጂ ብድር አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቆታል። ያንኑ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ቀኑ የዛሬ ወር ነው። ከግርጌው ሐምራዊ የጣት አሻራ፣ ከጎኑም የሚስቱ የሂንድ የምስክርነት ፊርማ አለ።

የሺሀረግ ወረቀቱን አዟዙራ አየችው። ሂንድን ጨምሮ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሐቢብ፣ አክስትዎ ሰላት አቋርጠው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ!»

«በቀን አምስቴ የሚታጠብ እጅ ታዲያ ወር ሙሉ ቀለም ይዞ ይከርማል? ይህ ቀለም የዛሬ ነው። ለሱብሒ ሰላት ካደረጉት ውዱእ በኋላ የተነካ።»

«እሺ፣ ዛሬ ጧት ነው ያተመችልኝ። ቀኑን ተሳስቼ…»

«ቅድም ግን የመጣሁት የሰሚሃን ጩኸት ሰምቼ ነው ብለው ለፖሊሱ ቃል ሰጥተዋል፤ ያኔ አክስትዎ ሞተዋል። ደግሞ ሰው ወረቀት ፊቱ አድርጎ ሲያትም የጣቱ ጫፍ ወደ ጽሑፉ ያያል። ይሄኛው ወደ ታች ነው። ጣታቸው ወደ ወረቀቱ አልሄደም፤ የተኙበት ድረስ ወረቀቱ ነው የመጣላቸው።» ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አስጠላት። «መጀመሪያ በትራስ አፈንካቸው። ቀጥለህ አሳተምካቸው። የማኅተም ቀለም በቤንዚን እንደሚለቅ አውቀህ የራስህን እጅ አጸዳህ። የእሳቸውን ጣት ግን ረሳኸው።»

ሂንድ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ማታ ስፈርም አሻራ አልነበረበትም! ጧት አክስቴ ታትምበታለች አለኝ…»

ሐቢብ አፉን ሊከፍት ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። የሺሀረግ አንስታ ድምፁን ለቀቀችው።

«አቶ ሐቢብ፣ ከባንክ ነው። አመጣለሁ ያሉን የስጦታ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሰጪዋ በአካል መጥተው ማረጋገጥ አለባቸው።»

ከመጋረጃው ጀርባ እማ ሙጂባ «ያ አላህ!» ሲሉ ተሰማ። ሐቢብ ስልኩን እንጂ የአክስቱ ጀናዛ ያለበትን መጋረጃ አላየም። የሺሀረግን ከሁሉ ያንገሸገሻት ይሄ ነው።

ለሰሚሃ የተዘጋጀውን ካቴና ተቀብላ ራሷ እጁ ላይ አጠለቀችው። እሱን ይዘውት ሲወጡ መዳፏ ቤንዚን ሸተታት። እማ ሙጂባ አዩዋትና ጆጉን አንስተው አፈሰሱላት። ሁለቴ በሳሙና ታጠበች። ሽታው አልለቀቃትም።