የጠፋው የትራም እጀታ

«ንጹሕ ሰው ቦርሳውን ለመክፈት ምን ያንገራግረዋል?» አለ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ሚስተር ፔቪን ከላይ እስከ ታች እያየው።

ሚስተር ፔቪ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «አልወሰድኩም አልኳችሁ እኮ!»

ከአክስቷ ከማውድ ጋር የመጣችው ማሬድ አላመነችውም። የአሮጌ ትራም ወዳጆች ማኅበር ጠዋት ከባሕሩ ዳር ተሳፍሮ ኮረብታው ጫፍ ከደረሰ በኋላ፣ ሁሉም ሻይና የዘቢብ ዳቦውን ይዞ ሣሩ ላይ ተበታትኖ ነበር። ለመውረድ ሲነሱ ሹፌሩ ትራሟን የሚያስነሳበት የናስ እጀታ ከቦታው የለም። ያለ እሱ ደግሞ ትራሟ ንቅንቅ አትልም። ሚስተር ፔቪ ማኅበሩን የተቀላቀለው በቅርቡ ነው፤ የአሮጌ ትራም ዕቃ በኢንተርኔት እንደሚሸጥም ሁሉም ያውቃል። ጠዋት ሙሉ ናሱን ሲደባብስና ፎቶ ሲያነሳ ማሬድ ራሷ በዓይኗ አይታዋለች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ኔሪስ ድንገት። «ሻይ ስንጠጣ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ኔሪስ የሹፌሩ የሚስተር ኤምሊን የልጅ ልጅ ናት፤ ማን ይጠራጠራታል? ማሬድ ግን ውሸት መሆኑን አወቀች። ሻይ ሲጠጣ እሷና ኔሪስ ከትራም መጠበቂያው መጠለያ ጀርባ አብረው ነበሩ። ከዚያ ሆኖ ትራሟ ጭራሽ አትታይም። ከዚያ በፊት ደግሞ ኔሪስ «ጃኬቴን ረሳሁት» ብላ ብቻዋን ወደ ትራሟ ተመልሳ ነበር። በዚህ ሙቀት እስካሁን አላወለቀችውም።

ሚስተር ፔቪ በመጨረሻ ቦርሳውን ከፈተ። ካሜራ፣ ሳንድዊች፣ እና ጠርዙ የተበላ የትኬት ቆራጭ ኮፍያ ወጣ። «የአባቴ ነው» አለ ፊቱ ቀልቶ። «አድርጌው ፎቶ ልነሳ ፈልጌ… ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ይቅርታ ያለውም የለም። «እንግዲያው ሣር ውስጥ ወርውሮታል!» አለ ያው ሰውዬ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሣሩን ማሰስ ጀመረ። ሚስተር ፔቪም አብሯቸው ጎነበሰ።

ማሬድ ኔሪስን በክንዷ ይዛ ወደ መጠለያው ጀርባ ወሰደቻት።

«አምጪው።»

«ምኑን?»

«አቦ አትሸውጂኝ! አብረን አልነበርንም እንዴ?»

ኔሪስ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ከጃኬቷ ውስጥ እጀታውን አወጣችው። «አያቴ ጠዋት የመንገድ መሻገሪያው ላይ ትራሟን ለማስቆም ቀይ ባንዲራ የያዘውን ሰውዬ አላየውም። አጠገቡ ቆሜ ‹አያቴ፣ ቁም!› ባልለው ኖሮ… ዓይኑ እየደከመ ነው፣ ማሬድ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ያን ቁልቁለት ይዞን ቢወርድስ?»

«ታዲያ ሚስተር ፔቪ ምን አደረገ?»

«እሱን እኮ ማንም አይወደውም።»

«እኔም አልወደውም» አለች ማሬድ። ይህን ስትል አፈረች፤ ከሁሉ በፊት የጠረጠረችው እሷ ነበረች።

«ሣር ውስጥ አገኘነው እንበል» አለች ኔሪስ እየለመነቻት። «በቃ፣ ሁሉም ነገር ያልቃል።»

ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ማንም አይሰደብም፣ ማንም አያለቅስም። ግን ከዚያ በኋላ ሚስተር ኤምሊን እጀታውን ይሰካና ሁሉንም ጭኖ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ስለ ሚስተር ፔቪም ሰዉ ‹ሲጨንቀው ጣለው› ይላል። ማሬድ ወጥታ ብትጮህ ደግሞ ያ ሁሉ ዓይን ኔሪስ ላይ ይዞራል። እጀታውን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

«ለአያትሽ ብቻ እንነግረዋለን። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሚስተር ኤምሊን ትራሟ ደረጃ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ኔሪስ ወደ ኋላ ስትል፣ ማሬድ እጀታውን ዘረጋችላቸው። ለመቀበል የሰደዱት እጅ ስቶ አየር ጨበጠ። ማሬድ ወደ መዳፋቸው አስጠጋችላቸው።

«ይቅርታ፣ አያቴ» አለች ኔሪስ። «እንዳትነዳ ብዬ ነው።»

ሚስተር ኤምሊን ናሱን በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ማሬድ ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር።

«ጠዋት የጮኽሽልኝ ጊዜ» አሉ ለኔሪስ፣ «ሰውዬው በየት በኩል ነበር የቆመው?»

«ፊት ለፊትህ፣ አያቴ።»

እጀታውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ማሬድ ዞሩ። «አክስትሽን ማውድን ጥሪልኝ። እሷም የትራም መንጃ ፈቃድ አላት፤ ታውርደን። ለሰዉ ራሴ እነግራለሁ።»

«እሺ።»

«ቆዪ» አሉ፤ ኔሪስን በእጃቸው ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። «መጀመሪያ ሚስተር ፔቪን ጥሪልን። ይቺ ልጅ የምትነግረው ነገር አላት።»

ማሬድ ሚስተር ፔቪ ከሁሉም ርቆ ብቻውን ሣሩን ወደሚያስስበት ሄደች።