ስልኩን የከፈተው ጣት

ቲጃኒ የሞተው ሄርማታ መርካቶ ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ፈትጎ ባልጨረሰው በርጩማ አጠገብ ነው። አስከሬኑ ዓርብ ለዐስር ሶላት ሲቃረብ ተገኘ። ራሱን ከኋላ የተመታው በገዛ መዶሻው ነበር። ቅዳሜ ታላቅ ወንድሙ ሸኩር ታሰረ። እሑድ ጠዋት ኮማንደር ኃይለሚካኤል ኢንስፔክተር ሐጂራን ቢሮው አስጠራት።

«ሸኩርን ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» አላት። «ነገሩ ያለቀ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሸኩር፣ እጁን በኢንተርኔት እያሳየ ስሙ የተጠራው ቲጃኒ። ከግድያው ዋዜማ ሸኩር መንገድ ላይ ‹ይሄ እጅ የኔ እጅ ነው፣ ሌባ!› እያለ ሲጮህበት መርካቶ ሁሉ ሰምቷል። ቅናት ነው።»

«ከጁምዓ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሞተው?»

«በኋላ ነዋ። ከጁምዓ በኋላ ከስልኩ ለሚስቱ መልእክት ልኳል። ‹ከሶላት ወጣሁ፣ ደዶ ሄጄ እንጨት አይቼ እመለሳለሁ› ይላል። ከዚያ እስከ ዐስር ሸኩር የት እንደነበር የሚመሰክርለት ሰው የለም።»

«እስከ ነገ ይስጡኝ።»

«እስከ ዛሬ ማታ» አለ ኮማንደሩ።

ሐጂራ ሰኮሩ ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ጣውንቶች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ቤት ነው ያደገችው። እናቷ ቅናት ሲይዛት ድስት አታጋጭም፤ ድምፅዋ ይለሰልሳል፣ ለጣውንቷ እንኳ ወንበር ታቀርባለች። ያን ቀን ልጆቹ ሁሉ ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ ሐጂራን መንገድ ላይ የጮኸ ቀናተኛ ብዙም አያስፈራትም ነበር።

ወደ እስረኞቹ ክፍል ስትወርድ ኮንስታብል ኩመራ የአሻራ ወረቀት ይዞ ሲናደድ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«የሰውዬው ጣት እንቢ አለኝ። ደጋግሜ ቀለም ነከርኩት፣ የሚወጣው ይሄ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። አሥሩም ጣቶች መስመር የሌላቸው ጥቁር ጠብታዎች ናቸው። ወረቀቱን እንደያዘች ሸኩር ፊት ቁጭ አለች። ሽማግሌው ቁርሱ ሳይነካ አጠገቡ ደርቋል።

«ኦቦ ሸኩር፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምን ሊታይበት ልጄ? ዕድሜዬን ዋንዛ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግበት የኖርኩ እጅ ነው። የእንጨቱን ልስላሴ የሚነግርሽ ጣት ነው፤ ታዲያ እንጨቱ ሲለሰልስ ጣቱም አብሮ ያልቃል። ለመታወቂያ ስመዘገብ እንኳ ማሽኑ ‹ጣት የለህም› ብሎኛል።»

«የቲጃኒስ ጣት?»

«የሱ ይብሳል። ጓንት አድርግ ሲሉት ‹ጓንት ውሸታም ነው› ይላል። ያንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» አይኑን ጠረገ።

«ይቀኑበት ነበር?»

«ኤዬ፣ እቀና ነበር። ስልክ የያዘ ሁሉ የሱን እጅ እንጂ የኔን አያይም። ግን ወንድሜ ነው። አሁን እሱ ሞቶ በማን ልቀና ነው?»

ሐጂራ ወጥታ ኩመራን ጠየቀችው። «የሟቹን ስልክ ለመክፈት ሞክረሃል?»

«ሆስፒታል ጣቱን አስነክቼው ነበር። አልከፈተም። አስከሬኑ ቀዝቅዞ ነው መሰለኝ።»

«ይመስልሃል» አለችና በሱቁ በኩል አልፋ ወደ ለቅሶ ቤት ሄደች።

የቲጃኒ ሚስት ሂንድ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ጓዳ አስገባቻት። ዓይኗ ደርቋል፤ ያላለቀሰችው ሁሉ ወደ ንግግር ዞሯል።

«ያቺን የስልክ ቤት ሴትዮ ጠይቂያት፣ ጽዮናዊትን። የኢንተርኔት ገጹ ከተዘጋ ወዲህ ባሌ ባሌ አልነበረም። ምሳ እየበላ ስልኩን አንስቶ ይወጣል። ‹ወዴት?› ስለው ‹መጣሁ›። ስልኩ ተከፍቶ ይዞት ይመለሳል።»

«አሳየኝ ብለሽው ታውቂያለሽ?»

«ጣቴ እንዲከፍተው ስልኩ ውስጥ አስገባልኝ ነበር ያልኩት! ጎረቤቴ ሩፈይዳ የባሏን ስልክ በራሷ ጣት ትከፍታለች፣ በየቤቱ እየዞረች ታወራዋለች። እኔ ስለምን ‹የሥራ ስልክ ነው› እባላለሁ? የማን ጣት ቢኖርበት ነው?»

ሐጂራ ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አወጣች። «ይሄን ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

«የጁምዓ ልብሱ ነው። ተኩሼ ሰጥቼዋለሁ። ሱቅ ነው የሚቀይረው፤ ሰጋቱራ ለብሶ የሶላት ሶፍ ላይ አይቆምም፣ በፍጹም።» ፌስታሉን ተቀብላ ስታገላብጠው እጇ ቆመ። «ቋጠሮው የኔ ነው። አልተፈታም እኮ።»

«እሱ ሲሞት የሥራ ልብሱን ነበር የለበሰው» አለች ሐጂራ። «አይዞሽ፣ ለማንም አትንገሪ።»

ጽዮናዊት ስልክ የምትጠግንበት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሐጂራን ስታይ ብሎን መፍቻዋን አስቀመጠች።

«መጣችሁ? ሚስቱ ትናንት መንገድ ላይ ተፍታብኛለች። እኔ ደግሞ የባሏን ልብ ሳይሆን የባሏን ገጽ ነበር የማድነው።»

«ገጹ ምን ሆኖ ነው?»

«አንድ ጠዋት ተነሳን፣ ‹ማንነትዎ አጠራጥሮናል› ብለው ዘግተውታል። ያ ሁሉ ተከታይ፣ ከዱባይ ሳይቀር የሚመጣ ትዕዛዝ፣ ቀረ። ለኩባንያው ጻፍን፤ ‹ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን› አለን። ተቆጥተን ጻፍን፤ ‹ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን› አለን።»

«የሚያናግሩት ሰው የለም?»

«አለ ይላሉ። እኔ አግኝቼ አላውቅም። በመጨረሻ ‹ፊትዎን ቀርጸው ይላኩ› አሉ። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ላክን። ‹ገጹ ላይ ካለው ሰው ጋር አይመሳሰልም› ብለው መለሱት። እንዴት ይመሳሰል? ገጹ ላይ ያለው እጁ ብቻ ነው!»

ሐጂራ ሳታስበው ሳቀች። «ከዚያስ?»

«ገጹ የተከፈተው በጓደኛው በሰሚር ቁጥር ነው። የሚቀርጸው ሰሚር፣ የሚሠራው ቲጃኒ። ለነሱ አንድ ሥራ ነው፤ ኩባንያው ግን ‹አንድ ገጽ አንድ ሰው› ይላል። ስለዚህ ሁሉንም በቲጃኒ ስም አዙረን እንደገና እንሞክር አልኩት። ዓርብ ከሰዓት ልንልክ ነበር።»

«ስልኩስ? በምን ነበር የሚከፍተው?»

«በጣት። ወድቆበት የመስታወቱ ቀኝ ጠርዝ አይሠራም፣ የሚስጥር ቁጥሩን ማስገባት አይቻልም። አዲሱ መስታወት ገና አልደረሰልኝም።»

«ቁጥር ካልገባ መልእክት እንዴት ይጻፍበታል?»

«ከተከፈተ በኋላ አግድመሽ ትይዢዋለሽ፣ ፊደሎቹ ወደ ደህናው ቦታ ይዞራሉ። የመክፈቻው ገጽ ግን አይዞርም።»

«አንቺ ፊት በጣቱ ከፍቶት ያውቃል?»

ጽዮናዊት አሰበች። «አይ። ሁሌም ተከፍቶ ነው የሚመጣው።»

ሰሚር የከድጃ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐጂራን ሲያይ ተነስቶ ወንበር ሳበላት፣ አቧራውንም በእጁ ጠረገላት።

«አላህ ይርሐመው» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ካሜራ ማቆሚያዬን ልወስድ ብገባ ነው ያገኘሁት። እኔ ምንም አይደለሁም እህቴ፤ ያ ሁሉ የሱ እጅ ነው። እኔማ ካሜራ ያዥ ነኝ።»

«ገጹ ወደ ስሙ ሊዞር መሆኑን ነግሮህ ነበር?»

«ደስ ነው ያለኝ። የሚገባው ነው።»

«ስልኩን ከፍተህ ታውቃለህ?»

«የሱን? ነክቼው አላውቅም። እኔ የምቀርጸው በራሴ ነው።»

ልስላሴው ሐጂራን እናቷ ዘንድ ወሰዳት። ሲወጣ ጠብቃ ከድጃን ጠጋ አለች። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚህ ነበር?»

«ሶላት ሲያልቅ መጥቶ ዐስር እስኪቃረብ ድረስ አልተነሳም። ሻዩ ቀዝቅዞ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ እንደ ፊልም አግድሞ ይዞ። ‹ኳስ አለ እንዴ?› ብለው ደንግጦ ሊጥለው!»

ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ሁሉም በቲጃኒ ሱቅ ተሰበሰቡ፤ የሚቀመጡበት እሱ የሠራው በርጩማ ነው። ሸኩርን ኩመራ ይዞት መጣ። ሂንድ ከጽዮናዊት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሰሚር ለሽማግሌው ቦታ ለቀቀለት። ኮማንደሩ በሩ ላይ እንደቆመ ሰዓቱን አየ።

ሐጂራ የቲጃኒን ስልክ ባላለቀው በርጩማ ላይ አስቀመጠች።

«ቲጃኒ ጁምዓ አልሰገደም» አለች። «ሚስቱ ያሰረችው ልብስ አልተፈታም፣ የሞተው ሰጋቱራ የጠጣ ልብስ ለብሶ ነው። ‹ከሶላት ወጣሁ› የሚለው መልእክት ሲላክ እሱ እዚህ ወድቆ ነበር።»

«ታዲያ ማን ላከው?» አለ ኮማንደሩ።

«ከጁምዓ በኋላ ምስክር ያለው ሰው። ቲጃኒ ያኔ በሕይወት ነበር ብለን እንድናምን የሚጠቀመው እሱ ብቻ ነው። ኦቦ ሸኩር ምስክር የላቸውም፤ እንዲህ ያለ መልእክት ልከው በገዛ እጃቸው ገደል አይገቡም።»

«ሊሳሳት ይችላል።»

«ቢሳሳቱም አይችሉም። ስልኩ ተሰብሯል፣ በጣት ካልሆነ አይከፈትም። የሳቸውን ጣት ደግሞ የእርስዎው ኩመራ በቀለም ሊያነበው አልቻለም።»

ኩመራ አቀረቀረ።

«የቲጃኒም ጣት እንደዚያው ነው። ሆስፒታል ያልከፈተው ስለቀዘቀዘ አይደለም፤ በሕይወት እያለም አይከፍትም ነበር። እጁን ዓለም የሚያየው ሰው የገዛ ስልኩን መክፈት አይችልም። ይሄን ለማን ይናገር? አፈረ። ስለዚህ የሚያምነውን ሰው ጣት አስገባ። መስታወቱ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር እየተነሳ ወደዚያ ሰው ይሄድ ነበር።»

ሂንድ ወደ ጽዮናዊት ዞረች። «አላልኩሽም? ዋላሂ ብዬሻለሁ!»

«ነይ» አለቻት ጽዮናዊት። ተነስታ አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ ጫነች። ስልኩ ነዝሮ እምቢ አለ። የሌሎቹን ጣቶቿንም አንድ በአንድ ሞከረች። «አየሽ? አሁን ምራቅሽን መልሺ።»

«አንቺስ?» አለች ሐጂራ ሂንድን።

«የኔማ እንደማይከፍት አውቃለሁ» አለች ሂንድ፤ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች።

«ሰሚር።»

«እኔ ምን አገባኝ እህቴ?» ድምፁ እንደ ቅቤ ነው። ግራ እጁን ዘረጋ።

«ቀኙን።»

አልተንቀሳቀሰም። ኩመራ አንጓውን ይዞ አውራ ጣቱን አስነካው። ስልኩ በራ።

 «ያ ረቢ» አለ ሸኩር።

«ነክቼው አላውቅም አልከኝ» አለች ሐጂራ። «ከድጃ ግን ስልክ እንደ ፊልም አግድመህ ስትጽፍ አይታሃለች። ያንተ ደህና ነው፤ አግድሞ መያዝ የሚያስፈልገው የሱ ነው። ከዚያ ለማቆሚያው ብለህ ብቻህን ገባህ፣ ስልኩን ኪሱ ከትተህ ጮህክ። የማላውቀው አንድ ነገር ነው። ቁጥርህ ከገጹ ስለወጣ ነው?»

«እሱንማ ችዬው ነበር» አለ ሰሚር። ልስላሴው አሁን ጠፍቷል። «በሱ እጅ አጠገብ ዕድሜዬን ስንበረከክ ኖርኩ፤ ማን ቀረጸው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ኩባንያውም ‹አንድ ሰው› ሲል እኔን ነው ያወጣኝ። ይሁን አልኩ። ስልኩ ካለኔ አይከፈትም አይደል? ቢያንስ ያቺ ጣቴ አለችኝ። ዓርብ ጠዋት እየሳቀ ምን አለኝ? ‹ጣትህንም ከስልኩ እናጥፋው። ሂንድ ጨቅጭቃ ገደለችኝ፣ ማታ ጠርቼ የሷን አስገባለሁ። ሚስቴ ነች፣ ምን ይደበቃል› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መፈተግ ጀመረ።»

«የኔን?» አለች ሂንድ።

ወደ ሰሚር ተጠጋች።

«በራሱ አፍ? የኔን ጣት አለ?»

«በራሱ አፍ» አለ ሰሚር። አሁንም በዚያች ቃል እንደሚቀና ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ኩመራ ካቴናውን አጠለቀለት። ኮማንደሩ ወደ ሸኩር ሄዶ ክንዱን ደግፎ አስነሳው፤ ይቅርታ የሚሉት ቃል ሲጠፋው ጫማውን አቀበለው።

በዚህ መሃል የስልኩ ብርሃን መፍዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ያየችው ጽዮናዊት ነበረች።

«ሂንድ! ንኪው፣ ሊዘጋ ነው! ከሱ ሌላ የሚከፍተው የለም!»

ሂንድ ዘልላ ስልኩን አነሳችና አውራ ጣቷን ጫነችበት። ብርሃኑ ተመለሰ። እዚያ ውስጥ ፎቶው አለ፣ ድምፁ አለ፣ ልጆቹን ሲያስቅ የተቀረጸው አለ። ሐጂራ የማስረጃ ማስቀመጫ ፌስታል አውጥታ ከፈተች፤ ከዚያ ስልኩን ሳትከትበት አጥፋ ኪሷ መለሰችው።

«ቻርጀር አለሽ?» አለቻት ጽዮናዊትን።

«አመጣለሁ።» ጽዮናዊት በሩጫ መንገዱን ተሻገረች።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሰሚርን ይዘውት ወጡ፤ ሰዉም አንድ በአንድ ወጣ። ሂንድ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ብርሃኑ ሊፈዝ ባለ ቁጥር መስታወቱን በጣቷ እየነካች ቀረች።