ሳይደረግ የተጻፈው ጉባኤ

ዓለምን ያናወጠው ታላቅ ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት በቀሩት በዚያ የጥቅምት ወር፣ በሁለተኛው ሰኞ ማለዳ፣ የዐሥራ ዘጠኙ የወንጌል አማኞች አጥቢያዎች ኅብረት ማተሚያ ቤት እንደ ወትሮው ተከፈተ፤ ከጸሎት ቤቱ በስተኋላ ሦስት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ የሚገባበት፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው፣ የቀለም ሽታ ከግድግዳው የማይለቅ ክፍል ነበረ። በዚያ ክፍል ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆማ የሠራችው ሴት ሙያውን ከሟች ባሏ የወረሰች ናት፤ የእርሳስ ፊደሎችን ከየሳጥናቸው አንድ በአንድ እየለቀመች መስመር ስለምትሠራ ሰው ሁሉ «ፊደል ለቃሚዋ» ይላታል።

ከእጇ የሚወጣው ጋዜጣ «ልሳን» ይባላል፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በጉባኤው ወር ግን ሁለት ጊዜ፣ ስምንት ገጽ። የየትኛው አጥቢያ ጣሪያ እንዳፈሰሰ፣ ማን ሽማግሌ እንደ ተሾመ፣ የሴቶች የጸሎት ቀን መቼ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከእርሱ ነው። በልሳን ያልወጣ ነገር በኅብረቱ ዘንድ እንዳልሆነ ይቆጠራል፤ የወጣ ደግሞ ከመጽሐፍ ቀጥሎ ይታመናል።

ኅብረቱ የማይለቀው አንድ ልማድ ነበረው። የዓመታዊው ጉባኤ ዜና ጉባኤው ሳይደረግ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ልዑካኑ ሲመለሱ ጋዜጣውን ይዘው እንዲሄዱ፣ ፊደል ለቃሚዋ ከሳምንት በፊት ደርድራ ታዘጋጀዋለች፣ የተጠማቂዎቹን ቁጥር ብቻ ባዶ ትተዋለች። አንድ ዓመት ጉባኤተኛው በዝናብ በስብሶ እንደ ውሻ እየተንቀጠቀጠ ሲገባ፣ «ሰማዩም ጠርቶ ነበር» የሚል ጋዜጣ ተቀበለው። ሁሉም ሳቀ፤ ልማዱን ግን ማንም አላነሳውም። የዘንድሮውም ተደርድሮ በብረት ክፈፍ ታስሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ «ዐሥራ ዘጠኙም አጥቢያዎች በፍጹም ጤንነትና በፍቅር ተሰብስበው፣ የወንዝ ዳሩን አዲስ ሕንጻ መርቀው፣ በደስታ ተመለሱ» ይላል።

ያን ሰኞ በፖስታ አንድ ደብዳቤ መጣ። የላከው ጉባኤውን የሚያስተናግደው የወንዝ ዳሩ አጥቢያ ሽማግሌ ነው፤ በሙያው አናጢ ሲሆን፣ እጁ ከመጋዝ እንጂ ከብዕር ያልተስማማ ሰው ነበረ። «አዲስ ጉንፋን ገብቶብናል፤ ጎልማሳውን በሦስት ቀን ይጥላል። በዚህ ሳምንት ዐሥራ አንድ ቀበርን፤ ሣጥን ሠርቼ ልደርስ አልቻልኩም። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ለአጥቢያዎቹ ሁሉ ንገሩ፤ አትምጡብን።»

ፊደል ለቃሚዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የምታስበው ስለ ኅብረቱ አልነበረም፤ እንዋሽ ካልተባለ በስተቀር ያሰበችው ስለ አንዲት ልጇ ነው። ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዕድሜዋ ሃያ፤ በመዘምራኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምትይዝ፣ ለጉባኤው ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ የሰቀለች። ደብዳቤውን በፊተኛው ገጽ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል በዐሥራ አራት መስመር ደረደረችው፤ የሙከራውን ወረቀት አትማ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ለኅብረቱ ፕሬዚዳንት ለመጋቢው ይዛ ወጣች።

መጋቢው ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የአናጢው ደብዳቤ ነው፣ ክቡር መጋቢ። እንዳለ ነው የደረደርኩት።»

«አናጢው ደግ ሰው ነው፤ ግን ድንጉጥ ነው። ሕንጻውን ለመመረቅ የባሕር ማዶ ወንድሞች መርከብ ላይ ናቸው። የጠላት ወሬ በልሳን እናውጣ?»

«ዐሥራ አንድ ሰው መቅበር ወሬ ነው?»

«እኔም ባለቤቴን ይዤ እሄዳለሁ እኮ!» አሉ፤ ድምፃቸው እውነተኛ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። «አደጋ አለ ብዬ ባምን ኖሮ እሷን እወስድ ነበር? እምነታችን በጉንፋን ሊፈተን ነው? እርስዎ ይደርድሩ፤ የሚባለውን እኛ እናውቃለን። ደግሞም ዝም አይነቅዝም።»

ከዚያም በቀይ እርሳስ ዐሥራ አራቱን መስመር ከላይ እስከ ታች ሰረዟቸው።

ፊደል ለቃሚዋ ደሟ ፈላ፤ ግን ወረደች። የምትኖርበት ቤት የኅብረቱ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ማለት ደግሞ እጅን ያለምዳል። መስመሮቹን አነሳች፤ በባዶው ቦታ ወደ ወንዝ ዳር የሚወስደውን ባቡር የመነሻ ሰዓት አስገብታ ጋዜጣውን በዚያው ቀን አተመች። እንዲህ ነው ሰው የገዛ መቃብሩን በገዛ እጁ የሚቆፍረው።

ቤቷ ገብታ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ልሳን ላይ አይወጣም ነበር?»

«አውጥቼው ነበር፤ አሰረዙኝ።»

«እና ለእኔ ብቻ ነው የምትነግሪኝ? መዘምራኑ ሃያ ሁለት ነን እኮ። ሌሎቹ የሰው ልጆች አይደሉም?»

«አንቺን ነው የወለድኩት!»

«እውነት ከሆነ ለሁላችንም እውነት ነው። ካልሆነም አታስፈራሪኝ። አንቺው ያተምሽው ጋዜጣ የባቡሩን ሰዓት ይነግረኛል፤ አንቺ ደግሞ ቅሪ ትዪኛለሽ። የቱን እናቴን ልስማ?»

እናቲቱ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ የመዘምራኑን ቤት ደጃፍ ለደጃፍ ዞረች፤ የደብዳቤውንም ነገር ለየወላጁ ተናገረች። ሁሉም በትሕትና ሰሟት፤ ሁሉም ልሳንን አገላብጠው አዩ፤ ሁሉም «እዚህ ላይ የለም እኮ» አሏት። አንዲቱ እናት እንዲያውም፣ «ልጅሽ እንዳትርቅሽ ፈርተሽ ነው እንጂ» ብላ ሳቀችባት። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷ ይህን አተረፈላት፤ ያተመችው ይታመናል፣ እሷ ግን አትታመንም።

አርብ ዕለት ባቡሩ በታተመው ሰዓት ተነሳ።

ከመዘምራኑ ሃያ ሁለት ሄደው ዐሥራ ሦስት ተመለሱ። አዲሱ ሕንጻ በተመረቀ በማግስቱ ወንበሮቹ ወጥተው በሽተኛ ተኛበት፤ ልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያው ወለል ላይ፣ ነጩን ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ በአራተኛው ቀን ሞተች። ወሬውን ያመጣው አናጢው ራሱ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ጽፌ ነበር እኮ፣ እትዬ። አልደረሰም እንዴ?» አለ። ፊደል ለቃሚዋ ያን ጥያቄ እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። «ደርሷል» አለችው፤ «እኔ ነኝ ያስቀረሁት» ብላ አለቀሰች።

በሳምንቱ መጋቢው ሦስቱን ደረጃ ወርደው መጡ። ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል፤ ባለቤታቸውን እዚያው ቀብረው ነው የመጡት። ጉንጫቸው ገብቷል፤ በዚያ ሳምንት በገዛ እጃቸው በሽተኛ ሲያጥቡ ነበር፤ ይህንንም መካድ አይገባም።

«እህቴ፣ ሐዘናችን አንድ ነው» አሉ፤ «ጋዜጣው ግን መውጣት አለበት። የተዘጋጀው ዜና ይውጣ፤ ሕዝቡ መጽናናት ይፈልጋል። የታመሙትን በጸሎት ስለማሰብ አንድ መስመር ብንጨምር ይበቃል።»

«‹በፍጹም ጤንነት› የሚለውስ?»

መጋቢው ወለሉን አዩ። «ባለቤቴ በከንቱ ሞተች እንዲባል አልፈልግም።»

«እኔም አልፈልግም ነበር፤ ግን ተባለም አልተባለም በከንቱ ነው የሞቱት! ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፣ ክቡር መጋቢ። ውሸትዎ ግን የራስዎ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ አልሸከምልዎትም።»

ክፈፉን ከመደርደሪያው አወረደች፤ ማሰሪያውን ፈታች፤ በደስታ የተመለሱትን ዐሥራ ዘጠኝ አጥቢያዎች ከነሕንጻቸው ወለሉ ላይ ገለበጠቻቸው። ፊደሎቹ እስከ በሩ ተንከባለሉ። መጋቢው ሳያስቡት ተንበርክከው ይለቅሙ ጀመር፤ እፍኛቸውን ሞልተው ግን የትኛው በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ስለማያውቁ፣ እንደ ያዙት ቀሩ። እሷም አላሳየቻቸውም።

ያን ዕለትና በማግስቱ የአርባ አንዱን ሟቾች ስም፣ በየአጥቢያቸው፣ ከነዕድሜያቸው ደረደረች፤ ከስማቸውም ሥር የአናጢውን ደብዳቤ ከነቀኑ አስቀመጠች። የኅብረቱ ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ፣ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የጊዜው አይደለም» አሉ። የማተሚያ ቤቱ ቁልፍ ተወሰደባት፤ የተደረደረውም ተበትኖ ወደየሳጥኑ ተመለሰ። እሷም ቤቱን ለቅቃ ወንዝ ዳር ሄደች፤ ከልጇ መቃብር ሁለት መንገድ ርቃ ልብስ እያጠበች ኖረች። ልሳንን ዳግመኛ እጇ አልነካውም፤ እስከ መጨረሻዋም ከቁጣዋ ጋር አልታረቀችም፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ፣ እግዚአብሔርም ቢሆን ታረቂ ያላት አይመስለኝም።

ኅብረቱ አምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ባለ ጠንካራ ሽፋን የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። የመጋቢው ፎቶግራፍ አለበት፤ ሕንጻው አለበት፤ ስለ ጉባኤውም «በፈተና መካከል የተባረከ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። የልሳን ቅጾች በተራ ተዘርዝረው፣ የዚያ ዓመት የጥቅምት መጨረሻ እትም ባለበት ቦታ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «በጦርነቱ ምክንያት በተፈጠረው የወረቀት እጥረት አልታተመም።»

እትሙ በቀረበት በዚያ ሳምንት በማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ገመዳቸው ያልተፈታ ስምንት ጥቅል ወረቀቶች ነበሩ።