የካፖርቱ ኪስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወይዘሮ የሺመቤት ቦርሳዎቿን ከግድግዳ እያወረደች አቧራቸውን ታራግፋለች። አንዱ ዶሮ ያረባል፣ ሌላው ጽጌረዳ ይተክላል፤ እሷ ደግሞ ትንንሽ የዲዛይነር ቤቶች በእጅ የሚሰፏቸውን የጨርቅ ቦርሳዎችና ከረጢቶች ትሰበስባለች። ከሽሮ ሜዳ ጓሮ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል የገዛችው ባለጥለት ከረጢት አለ፤ ከሐዋሳ ያመጣችው፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመም አለ፤ አፉ በገመድ የሚሳብ፣ ከአንድ መነጽር በላይ የማይዝ ሚጢጢም አለ። በአንዱም ዕቃ ይዛበት አታውቅም። ባሏ ተካልኝ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺ ሴት፣ ቲማቲሙ በፌስታል ይመጣል፣ ቦርሳው ግድግዳ ላይ ይንቀባረራል!» እያለ ይስቅባት ነበር። እየሳቀም የቦርሳዎቹን ማንጠልጠያ እንጨት አለስልሶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ የሠራላት እሱው ነው።

ተካልኝ አናጢ ነበር። የቀኝ እጁን የመሃል ጣት ገና በወጣትነቱ መጋዝ ወስዶበታል። በብርድ አብረው ሲሄዱ ግራ እጇን ይይዝና ከእጁ ጋር ቡናማው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ ጣቶቻቸው ሲቆላለፉ የእሷ ጣት እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብታ ቁጭ ትላለች። «ይቺን ቦታ ላንቺ ብዬ ነው ያስለቀቅኳት» ይላታል። ልጅ አልወለዱም። በዚህች ዓለም የነበራት ሙቀት ያ ኪስ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሲሞት ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች ልብሱን ሰብስባ ለነዳያን ሰጠች። ካፖርቱን ግን የሺመቤት አልጋ ሥር ሸሸገችው። ከወራት በኋላ ዘነበች ልትጠይቃት መጥታ ቤት ስታስተካክል አገኘችው።

«የሺ፣ የሟች ልብስ ሰው ይለብሰዋል እንጂ እንዲህ አይቀመጥም» አለች፣ በእጇ እንኳ ሳትነካው። «ባዶውን የተቀመጠ ልብስ ገላ ይፈልጋል። የማንም ይሁን የማን፣ ገላ ይፈልጋል። ስጪና ይውጣልሽ።»

የሺመቤት እሺ አለች፤ ግን አልሰጠችም። ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ አንድ ብልሃት መጣላት፤ ብልሃት ካሉት። ካፖርቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ሳሪስ፣ አንድ ፎቅ ሥር ቦርሳ ወደምትሰፋው ወጣት፣ ወደ ሶስና ሄደች። ቦርሳ ከሆነ ልብስ አይደለም፤ ልብስ ካልሆነ ደግሞ ገላ አይፈልግም። «የቀኙን ኪስ ብቻ እንዳትነኪብኝ» አለቻት።

ሶስና ሥራውን ስታስረክባት እንደ ወትሮዋ አልተጫወተችም። ቦርሳው ያምራል፤ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ኪሱ ከፊት ለፊት እንዳለ የተቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ ስሰፋው መርፌዬ ኪሱ ውስጥ ወደቀብኝ» አለች። «ቀዳዳ ይኖረዋል ብዬ ገልብጬ አየሁት። የለውም። መርፌውም የለም። እጅዎን ሲከቱ ይጠንቀቁ።»

የሺመቤት ማንጠልጠያው መሃል ላይ ሰቀለችው። ቦርሳው እንደ ተካልኝ እንጨት እንጨት፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ፊቷን ቀብራበት እስኪወጣላት አለቀሰች። በሳምንቱ አቧራ ልታራግፍ ስትመጣ ግራና ቀኝ ያሉት ቦርሳዎች ከእሱ ፈንጠር ብለው፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ተጠጋግተው አገኘቻቸው። ንፋስ ነው ብላ መለሰቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳግመኛ ሸሽተዋል፤ በገመድ የሚሳቡትም አፋቸው ጥብቅ ብሎ ተስቧል፣ እሷ ግን ሁልጊዜ አፋቸውን ከፍታ ነው የምትሰቅላቸው። ማንጠልጠያው መሃሉ ላይ ጎብጧል። ምንም ያልያዘውን ቦርሳ ስታወርደው ክንዷን ከበዳት።

ክረምቱ ገባ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ፋታ ሲሰጥ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ በኩል ሱፍ ከሱፍ ጋር ሲፋተግ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይመጣ ጀመር፤ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ሲያፈላልግ እንደሚሰማው። የቫርኒሹም ሽታ ቀስ በቀስ ለቀቀና በምትኩ የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። ክረምት አይደል፣ አለች ለራሷ። አንድ ቀን ከሰዓት ናፍቆቱ ሲብስባት ወንበር ስባ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠችና ግራ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። እስከ አንጓዋ ገባ። ከዚያ እስከ ክርኗ ገባ፤ ጫፉን ግን አላገኘችውም። እጇን ልትመልስ ስትል አንድ ሰፊ እጅ ጭብጧን ከላይ ሸፍኖ ያዛት።

አልጮኸችም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ብቸኝነትም እንደዚያው ነው፣ የመጣውን አያማርጥም። እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ዝም ብላ ተያዘች፣ ደስም አላት። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን እንደበላች ወንበሯ ላይ ነች። የውሎዋን ታወራለታለች፤ እጁ ጭብጧን ጠበቅ ላላ እያደረገ ይሰማታል። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ አትከፍትም።

እትዬ ዘነበች ደወለች። «ነይ፣ ክረምቱን እንኳ እኔ ጋ አሳልፊ፤ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?»

«ብቻዬን አይደለሁም፣ እትዬ።»

«የሺ፣ ካፖርቱን ሰጥተሽዋል አይደል?»

የሺመቤት ስልኩን ዘጋችው።

መብራት ጠፍቷል፤ ሰማዩ ጠቁሮ ገና ሳይመሽ ሳሎኑ ጨልሟል። እጇን እንደ ልማዷ ከተተች፣ እጁም እንደ ልማዱ ጭብጧን ሸፈነ። «እህትህ ቀናችብን መሰለኝ» አለችው ለብቻዋ እየሳቀች። ዛሬ ልቧ ሙሉ ነበር። እስካሁን እንደተጨበጠ የኖረውን እጇን ዘረጋችና፣ እንደዚያ በብርድ ሲሄዱ እንደነበሩት፣ ጣቶቿን በጣቶቹ መሃል ልትቆላልፍ አንድ በአንድ አስገባች። እጁ አልከለከላትም፤ ጥብቅ አድርጎ ቆለፋት። ጣቷ የጥንት ቦታዋን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አለች።

ተካልኝ ለእሷ ብሎ ባስለቀቀው ቦታ ላይ ሌላ ጣት ነበረ።