ኮምፒዩተሩ እስኪነሳ ድረስ

ይህ ነገር ሌሊት የሆነ አይደለም። መብራት ጠፍቶም አልነበረም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኅዳር 1981 ዓ.ም.።

የነገረችኝ ሙሉነሽ ራሷ ናት። ሙሉነሽ ነገር የምታጋንን ሰው አይደለችም። ልትዋሽ ብትፈልግ ኖሮ መጨረሻ ያለው ነገር ትፈጥርልኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥና መጥታ የመሥሪያ ቤቱን አንድ ለእናቱ ኮምፒዩተር የምታሠራው እሷ ነበረች። የሐይቁን ውሃ ከፍታ በየቀኑ ትመዘግብበታለች።

የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ሲከፈት መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቃል። ቀኑን ስትጽፍለት ሥራ ይጀምራል። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ከፈተችው... ዝም አለ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ብቻ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ቀኑን እስኪጠይቃት ሩብ ሰዓት ሞላ።

ከሰዓት በኋላ አጥፍታ ስታበራው ወዲያው ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና ዘገየ። የሚዘገየው ጠዋት ብቻ ነው፤ በቀኑ የመጀመሪያው ጊዜ ሲከፈት።

ኃላፊው ጓድ አስናቀ ሲሰማ ላብ አጠመቀው። ማሽኑ ቢበላሽ ‘አሻጥር ነው’ የሚል አይጠፋም፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ይህች ቃል ሰው ታስበላለች። ዛሬ ነገ ሳይል አዲስ አበባ ደወለና ባለሙያ እንዲላክለት ለመነ።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ዕለት፣ ክንዱ መጣ።

ክንዱ እዚያው ባሕር ዳር አጠገብ ያለችው የመሸንቲ ልጅ ነው፤ ተምሮ አዲስ አበባ የቀረ። ዝምተኛ ነው። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ ማሽኑን ከፈተ።

ሰረዟ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ክንዱ ጆሮውን ወደ ማሽኑ ጠጋ አደረገ። ከዚያ ሙሉነሽን በእጁ ጠራት።

‘ይኼን ድምፅ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?’

አልሰማችውም ነበር። አሁን ሰማችው።

ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ...

ዲስክ ሲሠራ የሚያሰማው ክርርር የሚል ድምፅ አይደለም። ቀስ ያለ ነው። እርጥብ ነው።

ክንዱ አንዱንም ሳያስቀር በደብተሩ ላይ ነጥብ እያደረገ ቆጠረው። ሁለት መቶ አርባ ሆነ። በዘጠኝ ደቂቃው ስክሪኑ ቀኑን ሲጠይቅ ድምፁ ቆመ። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ይቆጥር ነበር።

ማክሰኞ የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀየረ፣ ክዳኑን ፈትቶ አቧራውን አራገፈ። ስምንት ደቂቃ። ድምፁ አለ።

ረቡዕ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባመጣው በራሱ ዲስኬት አስነሳው። ስድስት ደቂቃ ተኩል። ድምፁ አለ።

ጓድ አስናቀ ደስ አለው። እያጠረ ነው፣ እየተሻለው ነው እያለ ክንዱን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ክንዱ ግን አልሳቀም።

በዚያው ረቡዕ ጠዋት፣ ማሽኑ ገና ሳይነሳ፣ መሪማ ወለሉን ልትወለውል ገባች። መሪማ የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ናት፤ ሃምሳ የተጠጋች፣ ከሐይቁ ዳር ሰፈር የምትመጣ፣ የታንኳ ሠሪ ልጅ። ባሏ ቡርሀን ከሦስት ዓመት በፊት እንጨት ጭኖ በታንኳ እንደወጣ አልተመለሰም። ሬሳው አልተገኘም። ታንኳውም አልተገኘም። አልቅሳ አልወጣላት፣ ተስፋ አልቆረጠች፣ እንዲሁ መሐል ላይ ተንጠልጥላ ቀርታ ነበር።

ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

‘ማነው የሚቀዝፈው?’ አለች።

ክንዱ በአገጩ ወደ ማሽኑ አመለከታት።

ቀስ ብላ ቀረበችና ማሽኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከታንኳ ሰዎች ተወልዳ ያደገች ናት፤ የቀርከሃ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ አይጠፋትም። ድምፁ እስኪቆም አዳመጠች። ከዚያ ስለ ቡርሀን ነገረቻቸው። ትከሻውን ያመው ነበር አለች። ሰባት ጊዜ ይቀዝፍና ያርፋል። ሰባት... ከዚያ ዕረፍት። በጨለማ እንኳ ሲመጣ በዚያ ነበር የምታውቀው።

ሙሉነሽ እጇን ይዛ አስነሳቻት።

ሐሙስ ዕለት ክንዱ ዲስኩን ራሱን ከማሽኑ ውስጥ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዲስኬት ማስገቢያውም ዲስኬቱን አወጣ። አሁን ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ድምፅ ሊያወጣ የሚችል የለም።

ከፈተው።

ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ... ጭልፍ...

ዝም።

ከዚያ እንደገና ሰባት።

መሪማ፣ በሩ አጠገብ ቆማ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

አራት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ስክሪኑ ቀኑን ጠየቀ። የሚያነበው ዲስክ ሳይኖር።

ክንዱ መፍቻውን አነሳ። ማሽኑን ከጀርባው ቢከፍተው የውስጡ ብረት ላብ አልቦታል። የሐይቅ ሽታ አለው፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የሚሸተውን ዓይነት። የነበሩበት ክፍል ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሞላበት።

ዓርብ ጠዋት መሪማ ከሁሉም ቀድማ መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። እጇን ሂና ተቀብታለች።

ዓርብ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ድምፁ ቀርቧል። ሙሉነሽ እንዳለችኝ፣ ከማሽኑ የሚመጣ አይመስልም ነበር... ከጠረጴዛው ሥር እንጂ።

በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ክንዱና ሙሉነሽ ብቻቸውን ቀሩ። ክንዱ ደብተሩን አመጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

‘ነጥቦቹን ተመልከቺ’ አላት በሹክሹክታ።

ተመለከተች። የሐሙስና የዓርብ ነጥቦች ሰባት ሰባት እየሆኑ የተከፋፈሉ ናቸው። በየመሐሉ ባዶ ቦታ አለ።

ክንዱ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። ሰኞ... ማክሰኞ... ረቡዕ...

ነጥቦቹ አንድ ወጥ ናቸው። ሳይቆራረጡ፣ ከላይ እስከ ታች።

‘እስከ ረቡዕ አላረፈም’ አላት። ‘ማረፍ የጀመረው እሷ ከነገረችን በኋላ ነው።’

ሙሉነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አንድ ነገር እዚያው ሆኖ ያዳምጣቸው ነበር ማለት ነው። ሰምቶ ተማረ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ መሪማን ከደረጃው ሥር አገኘቻት። እንዴት እንደምትነግራት አላወቀችም። ተንተባተበች። ደብተሩንም ነጥቦቹንም፣ ሁሉንም እንደምንም ነገረቻት።

‘እትዬ መሪማ፣ ቡርሀን አይደሉም’ አለቻት በመጨረሻ።

መሪማ የተቀባውን እጇን ገልብጣ አየች።

‘አውቃለሁ ልጄ’ አለች። ‘ከመጀመሪያው አውቄአለሁ። የሰው አቀዛዘፍ አይደለም።’

‘ታዲያ?’

‘ሦስት ዓመት ማንም አልመጣልኝም።’

 መወልወያዋን አንስታ ወጣች።

በዚያ ዕለት ክንዱ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅሎ ጠቀለለና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ወደ ሆቴሉ ይዞት ሄደ። ሙሉነሽ መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ቆለፈች። ሁለቱንም ቁልፎች፣ የራሷንም የጽዳቷንም፣ ያዘች። ጓድ አስናቀን ማሽኑ ቅዳሜ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብለው አሳመኑት። ለመሪማም ሙሉነሽ ራሷ ቅዳሜ አትምጪ የሚል መልእክት ላከችላት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ ክንዱና ሙሉነሽ ደረጃውን አብረው ወጡ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ቁልፎቹ በሙሉነሽ እጅ ናቸው።

ባልዲው በሩ ላይ ቆሟል፣ ጨርቁ ተጨምቆ ጠርዙ ላይ ተሰጥቷል። የመሪማ የላስቲክ ጫማ ከጎኑ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ቤት የሚገባ ሰው እንደሚያወልቀው።

መሪማ የለችም።

ማሽኑ በርቷል።

ክንዱ ቦርሳውን ከፈተ። ገመዱ እንደተጠቀለለ እዚያው ነው። አውጥቶ ለሙሉነሽ አሳያት። ሁለቱም ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ባዶ ሶኬት አዩ።

ስክሪኑ ቀኑን ይጠይቃል። ነጭ ሰረዟ ብልጭ... ድርግም... ትላለች።

ድምፅ የለም። ጨርሶ የለም።

ክንዱ እየሮጠ ሰው ሊጠራ ወረደ። ሙሉነሽ ብቻዋን ቀረች።

ፖሊስ መጣ። የመሪማ ሰፈር ሰዎች በታንኳ ሐይቁን አሰሱ። ሦስት ቀን ሙሉ። ምንም አልተገኘም። ክንዱ ‘ብልሽቱ ተወግዷል’ የሚል አጭር ሪፖርት ጽፎ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ፤ ሁለተኛ ባሕር ዳር አልረገጠም። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በአንድ ደቂቃ ይነሳ ነበር። ጓድ አስናቀ በስብሰባ ላይ ተመሰገነ።

ሙሉነሽ ለፖሊስ የምታውቀውን ሁሉ ተናግራለች። አንድ ነገር ብቻ ደብቃለች። ለእኔም የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ክንዱ ደረጃውን ሲወርድ እሷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነበር።

ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቷል። ፀሐይዋ ሞቃለች። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ታንኳ ወደ መሐል እየሄደች ነው።

ሁለት ሰዎች ተቀምጠውባታል።

ከፊት ያለችው ጀርባዋን ነው የሰጠችው። ሙሉነሽ የዓርቡን አዲስ ቀሚስ አወቀችው።

ከኋላ የተቀመጠው ይቀዝፋል። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት ነው የሚያዞረው... ሁላችንም እናውቃለን።

ይኼኛው ግን ፊቱን ወደ መሥሪያ ቤቱ መስኮት አዙሮ ተቀምጧል።

ይቀዝፋል... ታንኳዋ እየራቀች ትሄዳለች...

ፊቱ ግን አልራቀም።