የተረሳው ቅዳሜ

ሰው ሽማግሌ የላከበትን ቀን እንዴት ይረሳል? ሚልኬሳን ከልጅነቱ ጀምሮ ሱሉልታ ያሳደጉት አያቱ አዴ ወርቅቱ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ይህንኑ ራሳቸውን ይጠይቃሉ።

ሚልኬሳ የከተማው እግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ነው። ዱርሲቱን ያወቃት አምና ቅንድቡ ተሰንጥቆ ጤና ጣቢያ በሄደ ጊዜ ነበር፤ ነርሷ እሷ ነበረች። ሰፍታው ስታበቃ ቀና ብላ አየችው። እሱም ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ «ያመኛል» እያለ መመላለስ አበዛ። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ቡራዩ አባቷ ቤት ሄዱ፤ አባትየውም ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብለው ቀን ቆረጡ።

በማግሥቱ እሑድ ሚልኬሳ ከጫንጮ ልጆች ጋር ሲጫወት፣ ኳስ በቴስታ ሊመታ ዘሎ ከአንዱ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨ። ወድቆ ተነሣ፤ ጨዋታውንም ጨረሰ። ማክሰኞ ግን «አኮ፣ ሽማግሌ መቼ ነው የምንልከው?» አላቸው። አያቱን አኮ ነው የሚላቸው። የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ረቡዕ ደገመው። ያን ጊዜ ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው።

ሐኪም ቤት እንዳይወስዱት ጊዜው ክፉ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ በተነሣው ተቃውሞ መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ግንባሩ ያበጠ ጎረምሳ ያየ ወታደር «ድንጋይ ስትወረውር ነው» ቢልስ? ሰው እንዳያማክሩ ደግሞ ወሬው ቡራዩ ይደርስና ሙሽራው ነካ አድርጎታል ይባላል። ነገሩን ደበቁት።

ዓርብ ዱርሲቱ መጣች። ሚልኬሳ ለልምምድ ታኬታውን እያሰረ ነበር፤ እሑድ አንድ ክለብ ተጫዋች ሊመርጥ ይመጣል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ እሺ ትያለሽ?»

ፊቷ ጠቆረ። በቅዳሜው የተጸጸተ መሰላት፤ ወደ በሩ ዞረች። እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ዞር ስትል ያበጠ ግንባሩን አየች። ከዚያ ተመልሳ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«እሑድ ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«የትኛው እሑድ?»

«እስቲ ወራቱን ከጳጉሜን ወደ ኋላ ቁጠርልኝ።»

«ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ...» ቆም አለ። «ነሐሴ።»

አዴ ወርቅቱ አላስቻላቸውም፤ የደበቁትን ሁሉ ዘረገፉት። ዱርሲቱ አልተቆጣቻቸውም። አጥንቱ ባይሰበር እንኳ አንጎሉ ውስጥ ለውስጥ ተናውጦ ሊሆን እንደሚችል፣ ካረፈ ብዙ ጊዜ እንደሚድን፣ ሳይድን ዳግመኛ ከተመታ ግን ላይነሣ እንደሚችል ነገረቻቸው። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሄዶ መታየት አለበት። ፍተሻ ላይ ማንም እንዳይጠረጥረው የጤና ጣቢያ ጋውኗን ለብሳ አብራው ትሄዳለች።

«እሑድ ካልተጫወትኩ ክለብ የለም» አለ ሚልኬሳ። «ምን ይዤ ነው የማገባሽ?»

«ጭንቅላትህን ይዘህ።»

አልሳቀም። «ቅዳሜ አባትሽ ምን አሉ?»

«እሺ አሉ። እኔም እሺ ብያለሁ።»

«እኔ እኮ አላስታውስም፣ ዱርሲቱ።»

«እኔ አስታውሳለሁ። አሁንም ጠይቀኝ፣ አሁንም እሺ ነው።»

ጋውኗን ደርባ ቀድማ ወጣች። እሱ ተቀምጦ ቀረ። ነገሩ ይግባው አይግባው አዴ ወርቅቱ ከፊቱ ማንበብ አቃታቸው። ሊለምኑት አሰቡ፤ ሊቆጡት አሰቡ።

ሚልኬሳ ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ማሰሪያ ፈታ። አውልቆ ግድግዳው ሥር አኖረው። የዘወትር ጫማውን አጠለቀና በአያቱ አጠገብ አልፎ ዱርሲቱን ተከትሎ ወጣ።